ኒኮላውስ ኦቶ፤ ባለ አራት ምቱን ሞተር የሠራው ነጋዴ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራቡ ቆላ የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውሃ ሲደርስ መንገደኛውን አስቀድሞ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ የሚቀበለው የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ ድምፅ ነው። ሰሊጥ የሚታጨድበት ወራት ሲደርስማ ይህ ድምፅ ከንጋት እስከ ማታ አይቋረጥም። ሞተሩ ሠራተኛና ስንቅ፣ በጀሪካንም ውሃ ጭኖ ወደ እርሻው ይወጣል፤ በእርሻው ላይ የታመመ ሰው ቢኖርም ያንኑ ሞተር ተፈናጥጦ ወደ ሐኪም ይደርሳል። ሞተሩ በመካከሉ ቢቆም ምን እንደሚከተል ለቆላው ሰው መንገር አያስፈልግም።

ከነዚህ ሞተሮች አንዳንዱ ዋል አደር ሲል ከራሱ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ባለቤቱ ቫልቩ ጮኸ ይላል። መካኒኩም ሁለት ትንንሽ ክዳኖች ፈትቶ፣ አንድ ስስ የብረት ቅጠል ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ አንዲት ቪስ ጥቂት አዙሮ መልሶ ይገጥመዋል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ግን የአንድ ሰው የብዙ ዓመት ድካም ስለሚገኝ፣ እኛም ዛሬ የዚያን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። ሰውየው መሐንዲስ አልነበረም። ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ስኳር፣ ቡናና ሻይ የሚሸጥ የንግድ ወኪል ነበር። ስሙም ኒኮላውስ አውጉስት ኦቶ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኛ ነው ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦቶ በ1832፣ ይኸውም በኛ በ1824 ዓ.ም.፣ ናሳው በተባለው የጀርመን መስፍናዊ ግዛት ሆልትስሐውዘን በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ገና ጨቅላ ሳለ ስለ ሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት። በትምህርቱ ጐበዝ ነበርና እናቱ ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ልትሰደው አስባ ነበር። ነገር ግን በ1848 ጀርመንን ያናወጠው ሁከትና ያስከተለው የኑሮ መክበድ ሐሳቧን አስለወጣት፤ ልጁም ወደ ሱቅ ገብቶ ንግድ እንዲለምድ ተደረገ። ከዚያም በፍራንክፈርት፣ በኋላም በኮሎኝ ከተማ ለሸቀጥ ነጋዴዎች ተቀጥሮ ናሙናውን በሻንጣ ይዞ በምዕራብ ጀርመን ይዞር ጀመር። በኮሎኝም በበዓል ጨዋታ ላይ አና ጎሲ ከተባለች ልጃገረድ ጋር ተዋወቀ። ከየመንገዱ በሚጽፍላት ደብዳቤ ስለ ሸቀጡ ሳይሆን ስለ ሞተር ያጫውታት ነበር ይባላል። ልጅቱ ዐሥር ዓመት ያህል ጠብቃዋለች፤ የተጋቡት በ1868 ነው። ትዕግሥቷን ያላደነቀ የሞተር ታሪክ ጸሐፊ፣ በኛ አስተያየት፣ ታሪኩን በግማሹ ጽፎታል።

ለመሆኑ አንድ የስኳር ሻጭ ከሞተር ጋር ምን አገናኘው? በ1860 በፓሪስ ይኖር የነበረው ኤትየን ሌኗር በከተማ መብራት ጋዝ የሚሠራ ሞተር አውጥቶ ነበር። በዚያ ዘመን የእንፋሎት ሞተር ማቆም የሚችለው ትልቅ ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ማሞቂያው ጋን፣ እሳት አንዳጁ፣ የከሰሉ ክምር ሁሉ ለትንሹ የእጅ ባለሙያ የሚቻል አልነበረም። የሌኗር ሞተር ይህን ችግር ያቃልላል ተብሎ ጋዜጣው ሁሉ አወደሰው። ኦቶም ወሬውን ሲያነብ ነጋዴ እንደ መሆኑ ሁለት ጉድለት ታየው። አንደኛ፣ ሞተሩ ጋዝ ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ከጋዝ ቧንቧ ጋር የታሰረ ስለሆነ ቧንቧ የሌለበት አገር አያውቀውም። ስለዚህ ከወንድሙ ከቪልሄልም ጋር ሆኖ ፈሳሽ ነዳጅን ወደ ተን የሚለውጥ መሣሪያ አስቦ ለፕሩሲያ መንግሥት የንግድ ሚኒስቴር የፓተንት ጥያቄ አቀረበ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።

ኦቶ ግን አልተመለሰም። በ1861 በኮሎኝ ሚካኤል ጾንስ የተባለ የብረት ባለሙያ ዘንድ ሄዶ የሌኗርን ሞተር የመሰለ ትንሽ ሞተር አሠራ። በዚህችው ሞተር ሲሞክር ሳለ አንድ ቀን የጋዝና የአየር ድብልቁን ወደ ሲሊንደሩ ካስገባ በኋላ ወዲያው ሳያቃጥለው መዘውሩን አዙሮ ፒስተኑን ወደ ላይ መለሰውና ድብልቁን ጠቀጠቀው፤ ከዚያ ለኰሰው። መዘውሩ እንደ እብድ ብዙ ጊዜ ተሽከረከረ። ያልተጠቀጠቀው ጋዝ እንዲህ ያለ ጉልበት አልሰጠውም ነበር። የባለ አራት ምቱ ሞተር ሐሳብ የተጸነሰው በዚያን ጊዜ ነው። ወዲያው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አሠርቶ ሞከረ፤ ፍንዳታው ግን ኃይለኛ ነበርና ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ተሰባበረ። ይህ የሆነው በ1862 ነው። ኦቶ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ የቁጠባው ገንዘብ አልቋል፤ ሥራውንም እየተወ ነው። ዘመድ ወዳጁ ምን እንዳለው መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ በኋላ ኦቶ ዐሥራ አራት ዓመት በሌላ መንገድ ዞረ። የተጠቀጠቀውን ጋዝ ለጊዜው ትቶ የአየር ግፊት የሚሠራበት ሞተር አዘጋጀ። በዚህኛው፣ ፍንዳታው ፒስተኑን ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ከሥሩ ያለው ጋዝ ሲቀዘቅዝ የውጭው አየር መልሶ ይጫነዋል፤ ሥራ የሚሠራውም ሲወርድ ነው። በ1864 ይህን ሲሞክር ኦይገን ላንገን የተባለ ሰው አገኘው። ላንገን የስኳር ፋብሪካ ባለጠጋ ልጅ ሲሆን በካርልስሩኸ ፖሊቴክኒክ የተማረ ነበር። እነሆ፣ ስኳር ሻጩና ስኳር ሠሪው በስኳር ሳይሆን በሞተር ተሻረኩ። ኩባንያቸውም ሞተር ብቻ ለመሥራት የተቋቋመ በዓለም የመጀመሪያው ፋብሪካ ነው ይባላል።

በ1867 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ይህን ሞተር አቀረቡ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ከሌሎቹ ቄንጠኛ ሞተሮች አጠገብ ሲያዩት ተመልካቹ ሳቀበት። ነገር ግን ዳኞቹ እያንዳንዱ ሞተር የሚፈጀውን ጋዝ ይለኩ ተብሎ በተለካ ጊዜ የኦቶና የላንገን ሞተር ሌሎቹ ከሚፈጁት ከግማሽ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የወርቅ ሜዳዩን ወሰደ። ለወጣት መሥሪያ ቤተኞች አንድ ነገር በጎን እናንሣ፤ በዚያን ቀን ሳቁን ዝም ያሰኘው ንግግር አልነበረም፤ ቆጣሪ ነበር።

ሜዳዩ ግን ዕዳውን አልከፈለም። ኦቶ በዕዳው ምክንያት በኩባንያው የነበረውን ድርሻ እስከ መልቀቅና በገዛ ፈጠራው ላይ ተቀጣሪ እስከ መሆን ደርሷል። በ1872 ፋብሪካው በኮሎኝ ማዶ በምትገኘው በዶይትስ ትልቅ አክሲዮን ማኅበር ሲሆን ጎትሊብ ዳይምለር የቴክኒክ ሹም ሆኖ መጣ፤ ቪልሄልም ማይባኽንም ይዞ መጣ። ሁለቱም የተማሩና ብርቱ ሠራተኞች ናቸው። ዳይምለርና ኦቶ ግን አልተስማሙም። አንዱ ዲፕሎማ ነበረው፤ ሌላው ሐሳብ ነበረው፤ ሁለቱም ግትርነት ነበራቸው።

ያ የአየር ግፊት ሞተር ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት የሚፈልግ፣ ጉልበቱም ከሦስት ፈረስ የማያልፍ ስለ ነበረ ገበያው እየጠበበ መጣ። ስለዚህ ኦቶ በ1876 ወደ ቀድሞው ሐሳቡ፣ ወደ ተሰባበረው ሞተር ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን ሠራ። ጉልበቱ ያው ሦስት ፈረስ ያህል ነበር፤ ፍጥነቱም በደቂቃ 180 ዙር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ከቀድሞው እጅግ ዝቅ ያለ ድምፅ ስለ ነበረው ዝምተኛው ኦቶ እስከ መባል ደረሰ።

አሠራሩን በአጭር እንግለጽ። ፒስተኑ በመጀመሪያው ምት ወደ ታች ወርዶ ነዳጅና አየር ይስባል። በሁለተኛው ወደ ላይ ወጥቶ ይጠቀጥቀዋል። በሦስተኛው ድብልቁ ተቀጣጥሎ ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። በአራተኛው ወጥቶ የተቃጠለውን ጋዝ ያስወጣል። ከአራቱ ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ወጪ ናቸው። በዚያ ዘመን የነበሩ መሐንዲሶች ይህን እንደ ብክነት ቆጥረውት ነበር። ሦስት ቀን ተጉዞ፣ ጭኖና አራግፎ አንድ ቀን የሚሸጥ ነጋዴ ግን እንዲህ ያለውን ሒሳብ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። እኛም ኦቶን ከመሐንዲሶቹ ያስቀደመው ይኸው የንግድ ልማዱ ሳይሆን አይቀርም እንላለን።

አራቱ ምቶች ሳይደባለቁ እንዲሄዱ በሮች ያስፈልጋሉ። አንዱ በር ያስገባል፤ አንዱ ያስወጣል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ምት ሁለቱም ጥርቅም ብለው መዘጋት አለባቸው። በኦቶ ሞተር የመግቢያው በር የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ብረት ነበር፤ የመውጫው ግን ዛሬ ቫልቭ የምንለው፣ እንጉዳይ የሚመስለው ዘንግ ነበር። በዛሬው ሞተር ብስክሌት ሁለቱም እንጉዳይ ናቸው። በሲሊንደሩ ራስ፣ መካኒኮቻችን ቴስታታ በሚሉት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ጉብታ ያለበት ዘንግ ሲዞር ማንሻውን ክንድ ይገፋል፤ ክንዱ ቫልቩን ይከፍታል፤ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። የኦቶ ሞተር ቫልቭ በደቂቃ 90 ጊዜ ይከፈት ነበር። በደቂቃ 6,000 ዙር የሚዞር የዛሬ ሞተር ብስክሌት ቫልቭ ግን በአንዲት ሰከንድ 50 ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል።

አሁን ወደዚያች ጠቅ ጠቅታ ደረስን። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ሞተሩ ሲግል የቫልቩ ዘንግ ስለሚረዝም፣ በዘንጉ ጫፍና በማንሻው ክንድ መካከል ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። በትንንሾቹ ሞተር ብስክሌቶች ይህ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመውጫው ቫልቭ ይበልጥ ስለሚግል ለሱ ሰፋ ይደረግለታል። አንድ የጽሕፈት ወረቀት ወደ 0.10 ሚሊ ሜትር እንደሚወፍር ካስታወስን የክፍተቱን ማነስ መረዳት ይቻላል። ክፍተቱ ሲሰፋ ክንዱ ቫልቩን ይመታዋል፤ ድምፁ ይህ ነው። ቫልቩም ዘግይቶ ይከፈታል፤ ቀድሞ ይዘጋል፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ድምፁን ነው። ይልቅስ የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ቫልቩ በመቀመጫው ላይ ከዘመን ብዛት እየሰመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠፋል፤ ድምፅ አይሰማም፤ ባለቤቱም ሞተሬ ደኅና ነው ይላል። ነገር ግን ቫልቩ ሲግል ጥርቅም ብሎ መዘጋት አይችልም። የተጠቀጠቀው ድብልቅ ያመልጣል፤ የሚነድደውም ጋዝ በጠባቡ ቀዳዳ እየሾለከ ጠርዙን ይበላዋል። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ከመቀመጫው ጋር ሲነካካ ስለሆነ፣ መነካካቱ ሲቀር ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በጠዋት አልነሣም ይላል፤ ዳገት ላይ ይደክማል፤ በመጨረሻ ይቆማል። ስለዚህ ድምፁን ለማጥፋት ሲል ቪሱን አጥብቆ የሚያስር መካኒክ ለባለቤቱ የአንድ ሳምንት ጸጥታ ሸጦለት የአንድ ቴስታታ ዋጋ ያስከፍለዋል።

ሥራው በወጉ ሲሠራ እንዲህ ነው። ካንዴላውን አውጥተው መዘውሩን በእጅ እያዞሩ የላቲኑን የቲ ፊደል ምልክት ከቤቱ ምልክት ጋር ያገጥሙታል። በዚህ ጊዜ ፒስተኑ ከላይ ነው። ግን ከላይ የሚሆነው ሁለት ጊዜ ነውና ሁለቱም ክንዶች በጣት ሲነቀነቁ ትንሽ ላላ ማለታቸውን ማየት ይገባል፤ ካላሉ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመራል። ከዚያ ትክክለኛ ውፍረት ያለው የብረት ቅጠል ይገባል፤ ለመያዣው ቡሎን ላላ ተደርጎ ቅጠሉ ሲጎተት ለስለስ ያለ ያዝ እስኪያደርግ ቪሱ ይዞራል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቪሱን ይዞት ሊዞር ስለሚችል ከተጠበቀ በኋላ እንደገና መለካት ግድ ነው። ይህን የመጨረሻውን መለካት የሚዘልሉ ብዙዎች ናቸው።

ለገንዳ ውሃ ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። ፋብሪካዎች ክፍተቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ለምሳሌ ከ35 ዲግሪ በታች ሳለ እንዲለካ ያዝዛሉ። በቆላው በመጋቢትና በሚያዝያ የቀትሩ አየር ራሱ ከዚህ በላይ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረትማ ምን ይባላል! ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያልተነዳ ሞተር እንኳን በዘጠኝ ሰዓት ቀዝቃዛ አይደለም። ቫልቭ በዚያ አገር የሚስተካከለው ጎሕ ሲቀድ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ነው።

ወደ ኦቶ እንመለስ። በ1877 ቁጥሩ 532 የሆነ የጀርመን መንግሥት ፓተንት ተሰጠው፤ በ1882ም የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጠው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት ዳይምለር ከፋብሪካው ተለይቶ ወጣ፤ ማይባኽም ተከተለው፤ በ1885 ፈጣንና ትንሽ ባለ አራት ምት ሞተር በእንጨት ብስክሌት ላይ አስቀመጡ። ጉልበቱ ግማሽ ፈረስ ነበር። ዛሬ በኮኪት መንገድ አቧራ የሚያስነሣው ሞተር ብስክሌት ሁሉ የዚያ የእንጨት ብስክሌት ዘር ነው።

ፓተንቱ ግን ጠላት አበዛበት። ማንም ሠሪ ለዶይትስ ሳይከፍል ባለ አራት ምት ሞተር መሥራት አይችልም ነበርና የሐኖቨሮቹ የኬርቲንግ ወንድማማቾችና ሌሎችም ክስ አነሡ። በክርክሩም አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1862 ያሳተመው አንድ ትንሽ ጽሑፍ ተገኘ። አራቱ ምቶች፣ ከመለኰሱ በፊት መጠቅጠቁም ጭምር በዚያ ተጽፈዋል። ጸሐፊው ሞተሩን አልሠራውም፤ ለፓተንቱ የሚገባውንም ክፍያ ስላልከፈለ መብቱ ወድቆ ነበር። ከዚህም ሌላ ኦቶ ራሱ በማመልከቻው ላይ አስቀድሞ የጻፈው መጠቅጠቁን ሳይሆን ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ በንብርብር መተኛቱን ነበር፤ የሞተሩ ጥቅም ከዚያ ይመጣል ብሎ ያምን ነበርና። ይህ እምነት በፍርድ ቤት አልረዳውም። በጃንዋሪ 1886 በላይፕሲክ የተቀመጠው የመንግሥቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፓተንቱን ዋና ክፍል ሻረ። በእንግሊዝ አገር ግን ዳኞቹ ፓተንቱን አጽንተውለታል፤ በመጻሕፍት ቤት ተቀምጦ ሰው ያላየው ጽሑፍ የሌላውን ሥራ አያፈርስም ማለታቸው ነው።

ከሁለቱ ፍርዶች የትኛው ትክክል ነው? ሕግ የተማሩ ጓደኞቻችን የጀርመኑ ፍርድ ለሕጉ ቃል ይቀርባል ይሉናል፤ ሐሳቡ አስቀድሞ ታትሟልና። እኛ ግን የእንግሊዙን እንመርጣለን። በመዝገብ ቤት ተኝቶ የቀረ ጥናት መንገድ እንደማይጠርግ፣ ድልድይም እንደማይሠራ በመሥሪያ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቃል። ቦ ደ ሮሻ የጻፈውን የሚያነብ ሞተር አያገኝም፤ ኦቶ የሠራውን የገዛ ግን ወፍጮውን ያስፈጫል። ኦቶን እጅግ ያሳዘነው የገንዘቡ መቅረት አልነበረም ይባላል፤ ሐሳቡን ከሌላ ወሰደ መባሉ ነው እንጂ። የ1861ዱን ሙከራ ያዩ ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ የተሰባበረ ሞተርም ምስክር አይሆንም።

ኦቶ በጃንዋሪ 26 ቀን 1891፣ በኛ በ1883 ዓ.ም.፣ በኮሎኝ ዐረፈ። ዕድሜው 58 ዓመት ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት ወድቀዋል፤ በዚያን ጊዜ ወደ መተማ የሚያደርሰው እግር፣ በቅሎና ግመል ብቻ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ግን ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል አመጣ።

የኦቶ ልጅ ጉስታቭ የአውሮፕላን ሠሪ ሆነ፤ በሙኒክ ያቋቋመው ፋብሪካም ተወርሶ ተለውጦ ዛሬ ቢ ኤም ደብልዩ ከሚባለው ድርጅት ሥር ከሆኑት አንዱ ነው፤ ይህም ድርጅት ሞተር ብስክሌት ይሠራል። በዶይትስ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ በኦቶ ስም ይጠራል፤ ለሱና ለላንገን የቆመ ሐውልትም አለበት። በሐውልቱ ላይ የተቀመጠው ሞተር ግን ባለ አራት ምቱ አይደለም። በፓሪስ የሳቁበት፣ የወርቅ ሜዳዩን ያመጣው፣ ጣሪያ የሚነካው አሮጌው የአየር ግፊት ሞተር ነው።